ያልሰማህ ስማ፤ ካለፈ በኋላ

ውሃ ሰኞ እንደሚቋረጥ ማክሰኞ ማታ ተነገረን።

መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲደርስ ቢጫውን ጀሪካን አጋድሜ፣ ከሥሩ የቀረችው ጭላጭ ለቡና ትበቃ እንደሆነ በአንድ ዓይኔ እያየሁ ነበር። «የተከበራችሁ ነዋሪዎቻችን፤ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ስለሚቋረጥ ከወዲሁ አስፈላጊውን ዝግጅት እንድታደርጉ በትሕትና እናሳስባለን» ይላል። ከጽሑፉ በላይ የሰፈራችን የምክር ቤት ተወካይ በሰማያዊ ከረባት ፈገግ ብለው ይታያሉ። ፈገግታቸው ከጽሑፉ ይሰፋል።

አንዳንድ ችኩል ጎረቤቶቼ «ምነው ዘገየ?» እያሉ አጉረመረሙ። እኔ ግን እኚህን ሰው ላመሰግን ብዕሬን አነሣሁ። እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ሰኞ ይቋረጣል ተብሎ ቅዳሜ ቢነገረን ኖሮ እሑድን ሙሉ ባልዲና ጀሪካን ስንደረድር እንውል ነበር። ቧንቧው ዘንድ ሰልፍ ይሆናል፣ «ተራዬ ነው»፣ «ተራሽ አይደለም» እንባባላለን፣ የአሥር ዓመት ጉርብትና በአንድ ባልዲ ይፈርሳል። ተወካያችን ይህን ሁሉ አስቀሩልን። እሑድን ከአቦል እስከ በረካ በሰላም ጠጣን። ሰኞ ውሃው ሲጠፋ እንደ ወትሮው የጠፋ መስሎን ዝም አልን። ማክሰኞ ማታ ግን የጠፋው በዕቅድ መሆኑን አወቅን። በዕቅድ የተጠማ ሰውና እንዲያው በዘፈቀደ የተጠማ ሰው አንድ አይደሉም። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ላላት ለደሴያችን ይህን ልዩነት ማወቅ ትልቅ ክብር ነው።

የሚያሳውቁን ስለ ውሃ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልደከምኩ ነበር። የጎርፍ መውረጃ ቦያችንም አለ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከጦሳ የሚወርደው ውሃ ቦርከና ወንዝ እስኪደርስ የሚያልፈው በየበራችን ነው። ስለዚህ ቦይ ለእኛ ጌጥ አይደለም። የእኛ ቦይ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ከዳር ተቆልሎ፣ ቆፋሪዎቹ ምሳ እንደሚበሉ ሰዎች አካፋቸውን አቁመው ከሄዱ ሁለት ክረምት አለፈው። ባለፈው ወር ተወካያችን ሊጎበኙት መጡ። በማግስቱ አሥራ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰን። በዘጠኙ ላይ ጣታቸውን ቀስረዋል። አንዳንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴ ወደ ግራ፣ በአንዱ ደግሞ ወደ ላይ። ከጎናቸው የቆሙት ሰዎች ሁሉ ጣቱ ወዳመለከተበት ይመለከታሉ፤ አንዱ ማስታወሻ ይይዛል። እኔም ቦዩን ለማየት ብዬ ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ጣታቸው ሰፋ። ቀለበታቸው ሰፋ። የማስታወሻ ያዡ እስክሪብቶ ክዳኑ እንዳልተነሣ ሳይቀር አየሁ። ቦዩ ግን በአሥራ አንዱም ፎቶ ላይ የለም።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰማይ ላይ ጭራ ኮከብ አይተው ይህችን ከተማ ደሴ አሏት ይባላል። እሳቸውም ምናልባት በጣታቸው አመልክተው ይሆናል፤ ከተወካያችን የሚለያቸው ጣታቸው ጫፍ ላይ ኮከብ መኖሩ ብቻ ነው።

ከፎቶዎቹ ሥር «የቦዩ ግንባታ በመጠናቀቅ ላይ ይገኛል» ተብሎ ስለተጻፈ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ የምትኖረው እህቴ «ቦያችሁ አለቀ አሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላ ደወለችልኝ። ስትደውል ዘምቢል አንጠልጥዬ በቦዩ ላይ በተጋደመችው ሳንቃ እየተሻገርኩ ነበር። «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ብዬ ዘጋሁት። ሳንቃዋ ላይ ቆሞ ብዙ ማውራት አይመችም።

ደግሞም የተወካያችንን መልእክቶች የማነብባቸው ለፎቶው ብቻ አይደለም፤ ለሰዋስዋቸው ነው። ተማሪ ሳለን ግሥ ባለቤት አለው ብለው ያስተማሩን ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሳቱ ያወቅሁት ከእርሳቸው ነው። ቦዩ «ተጎብኝቷል»። መዘግየቱ «ተገምግሟል»። ክፍተቱ «ተለይቷል»። መፍትሔው «ተጠቁሟል»። በመጨረሻም «አቅጣጫ ተቀምጧል»። ማን ገመገመ? ማንን ገመገመ? ማንስ አዘገየ? ነውር ነው፣ አይጠየቅም። የተቀመጠው አቅጣጫ የት እንደተቀመጠ አንድ ቀን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ በእግሬ እየሄድኩ ፈልጌዋለሁ፤ እስክደርስ ተነሥቶ ሄዶ መሆን አለበት። በመልእክቶቹ ሁሉ ውስጥ ባለቤት ያለው ግሥ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ «ኅብረተሰቡ የበኩሉን ይወጣ» የሚለውን።

ይህን ያህል የሚደክሙልን እኛው መርጠናቸው ነው እንዳልል እግዜር ይታዘበኛል። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። አምስቱ ዓመት ሞልቶ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፤ እንደተራዘመ አለ። ያን ዕለት ድምፅ ስሰጥ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ዛሬ እርሱም ድምፁ ጎርንኗል። የዛሬው ተወካያችን መሐል ላይ የመጡ ናቸው፤ የቀድሞው ሲለቁ «ተተክተዋል»። ማን እንደተካቸው ለማወቅ ግሡን መመልከት ይበቃል።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ፊት ለፊት ያወያዩናል። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ የተባለውን አዳራሽ ያሠሩት ሕዝቡን ግብር ሊያበሉበት ነበር፤ አሁን ወደ አዳራሽ የምንጠራው የከፈልነው ግብር ምን እንደሆነ ሪፖርት ልንሰማ ነው። ጥሪው ለ3 ሰዓት ነበር። 4 ሰዓት ተኩል ላይ የባነሩ አንድ ጫፍ ተሰቀለ። ሌላውን ጫፍ የሚሰቅለው ልጅ መሰላል ሊያመጣ ሄዶ ስለቆየ ተወካያችን ያለ ባነር መጀመር አልፈለጉም፤ ልክ ናቸው። ያለ ባነር የተሰበሰበ ሕዝብ መሰብሰቡን በምን ያውቃል?

ሪፖርቱ ሙሉ በሙሉ ተነበበ። ከዚያ «ከጊዜ አንጻር ጥያቄዎችን ሰብሰብ አድርገን በአንድ ላይ እንመልሳለን» ተባለ። ጥያቄን ሰብስቦ መመለስ በእኛ ዘመን ከተገኙ ጥበቦች ሁሉ የላቀው ነው። አንዷ ስለ ውሃ ትጠይቃለች፣ ሌላው ስለ መብራት፣ ሦስተኛው ስለ ቦዩ፣ አራተኛው ስለ ልጁ መታወቂያ፣ አምስተኛዋ ስለ ቆሻሻ ማንሻ ጋሪው። አምስቱ ተደባልቀው ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ሲወርዱ አንድ ሆነው ይወርዳሉ፦ «የተነሡት ጥያቄዎች ሁሉም ተገቢ ናቸው፤ እንደ ግብአት እንወስዳቸዋለን።» ይህ የግብአት መጋዘን የት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እኛ ብቻ በየዓመቱ ስንቱን አስገብተንለት እስካሁን አለመሙላቱ ሰፊ መሆኑን ያሳያል። ተወካያችን ስለ ውሃ የተነሣውን ከመመለሳቸው በፊት ከፊታቸው ከተደረደረው የታሸገ ውሃ አንዱን ከፍተው ጎንጨት አሉ። ወደ ጉዳዩ ለመግባት ይሆናል።

በዚያ ስብሰባ ላይ ያሳፈሩን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሼ እያልን የምናከብራቸው ጎረቤታችን። ጋሼ ተነሥተው መነጽራቸውን ጠረጉና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል አሉ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የጠየቀ ሰው ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት አሉ። ከዚያ ጠየቁ፦ ለቦዩ ስንት ብር ተያዘ? ስንቱ ወጣ? ሥራውን የወሰደው ማን ነው? መቼ ያልቃል?

ሰው እንዴት አራት ጥያቄ በሦስት አኃዝና በአንድ ስም የሚመለስ አድርጎ ይጠይቃል? ለመሰብሰብ እንኳ አይመችም። ተወካያችን ግን ጨዋ ናቸው፤ አልተቆጡም። «በቅርቡ» አሉ። ጋሼም «በቅርቡ ስንት ቀን ነው?» ብለው ጨመሩ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ለጋሼ አፈርኩላቸው። እርሳቸው ግን ነገሩን አልተዉትም፤ በማመልከቻ አደረጉት። በ30ኛው ቀን እውነትም መልስ መጣላቸው። «ጥያቄዎ ለሚመለከተው አካል ተመርቷል» ይላል። አካሉም ይመለከታል። እስካሁን እየተመለከተ ነው።

«አሁንማ ሕጉ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲሄዱ ይፈቅድልዎታል» ብላቸው፣ «ተዪኝ ልጄ፣ እንባዬን ለቀብር ቆጥቤዋለሁ» አሉኝ።

ለቀብርስ ቅሬ አለን። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ለሞተው ቅሬ፣ ላልሞተው ቅሬታ። ከምስጋናዬ ላይ አንዲት ነቀፌታ መጨመር ካለብኝ ወቀሳዬ ለቅሬያችን ለፋፊ ነው። እኚህ ሽማግሌ የሕዝብ ግንኙነትን ሥራ እጅግ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ጉሙ ከጦሳ ሳይወርድ፣ ጥሩምባቸውን ነፉና ከበራችን ቆሙ። የተናገሩት ይኸው ነው፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከመስጊዱ ጀርባ ያሉት የሸሁ ባለቤት አርፈዋል። ቀብር ዛሬ በ7 ሰዓት። ድንኳን ሦስተኛው ምድብ ይተክላል፣ ውሃ አራተኛው ምድብ ይቀዳል። የቀረ ሃምሳ ብር!»

እዩት እንግዲህ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን ይሠራል፣ ካልሠራ ምን ይከፍላል፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። መግቢያ የለው፣ የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት የለው፣ የባለድርሻ አካላት ስም ዝርዝር የለው። ፎቶግራፋቸውን እንኳ አላወጡም፤ ጨለማ ስለነበር መልካቸውን ያየ የለም። ግሦቻቸው ሁሉ ባለቤት አላቸው። ከሁሉ የከፋው ነገሩ ሳይሆን በፊት ነው የሚናገሩት፤ የ7 ሰዓቱን በ11። ይህ ሰው ሥልጠና ያስፈልገዋል።

ረቡዕ ሦስተኛ ቀናችን ነው፤ ያለ ውሃ። አራተኛው ምድብ ከወንዝ ቀድቶ ባመጣው ውሃ ለቅሶ ቤቱ ቡና ፈልቷል። ተወካያችንም ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ከለፋፊው አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ፣ ሥርዓቱን አደረሱ፣ ስኒያቸውን ተቀበሉ። እኔ ከጀርባቸው ነበርኩ። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ሽማግሌውን ሲጠይቁ ሰማሁ፦

«አባቴ፣ ይኸ ውሃ መቼ ይመጣል ሲባል ሰሙ?»

«ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» አሉ ለፋፊው ስኒያቸውን እያዞሩ። «እስከ 11 ብቻ ነው። መክፈቻው በእህቴ ልጅ እጅ ነው። ጀሪካንህን አዘጋጅ ልጄ፣ ኋላ እንዳይቆጭህ።»

ተወካያችን እጅ ነሡ። አብሯቸው የመጣው ወጣት ስልኩን አወጣና አንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገ።

ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ቧንቧዬ አሳለች፣ ደግማ አሳለች፣ ከዚያ ቀይ ውሃ ተፋች፣ ከዚያም ጠራች። ሰፈሩ ሁሉ ነቅቷል። ከላይ በተወካያችን ግቢ መብራት በርቶ ባልዲ ከባልዲ ሲጋጭ ይሰማል።

ቅዳሜ ጠዋት መልእክት ደረሰን። ውሃ ሐሙስ ሌሊት እንደሚለቀቅ የሚያሳውቅ ነው። አብሮት ከድንኳኑ የተነሣው ፎቶግራፍ ነበረ፤ ተወካያችን ጣታቸውን ወደ ሽማግሌው ቀስረዋል፣ ሽማግሌው ስኒያቸውን ይመለከታሉ። ከሥሩ «ለቅሬ አመራሮችና አባላት በመረጃ አሰጣጥ ዙሪያ ግንዛቤ ተፈጥሯል» ይላል።