ጲላጦስ የተቀመጠበት የጅማ በርጩማ

ዘንድሮ ለዐቢይ ጾም ጅማ ነበርኩ። ሆላንድ ከገባሁ 13 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጾሙን አገሬ ላይ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። አርብ ከሰዓት ለፍኖተ መስቀል፣ ማለትም የጌታን የሕማም መንገድ በሚያሳዩ 14 ምስሎች ፊት ለሚደረገው ጸሎት፣ ወደ ልጅነቴ የካቶሊክ ቁምስና ሄድኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ቀና አልኩ። ግድግዳው የማውቀው ግድግዳ አይደለም።

14ቱ የእንጨት ሰሌዳዎች የሉም። በቦታቸው የሚያብረቀርቅ ባነር ተሰቅሏል። ሥዕሉ ከኢንተርኔት የወረደ ነው። ትንሹን ፎቶ በግድ አሳድገውት የጌታ ፊት ደብዝዟል፣ ዓይኑ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም። ጥግ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ። ሕዝቡ ተነሥቶ ሲሰግድ፣ ሰግዶ ሲነሣ፣ እኔ ያንን ስልክ ቁጥር ሳነብ ቆየሁ። ጸሎቱ አመለጠኝ።

ሰሌዳዎቹን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከዋንዛ የተቀረጹ ናቸው። የሠሯቸው እዚያው ሰፈር አልጋና በርጩማ ይሠሩ የነበሩ አናጺ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር። ሰውየው ኢየሩሳሌምን አላዩም፤ ስለዚህ የሚያውቁትን ቀረጹ። አንደኛው ሰሌዳ ላይ ጲላጦስ እጁን ሲታጠብ የተቀመጠው ሦስት እግር ባለው የጅማ በርጩማ ላይ ነው። አምስተኛው ላይ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ሲያግዝ ትከሻው ላይ የታጠፈ ጨርቅ አድርጓል። ሂርማታ ገበያ የቡና ጆንያ የሚሸከሙ ሰዎች እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ስድስተኛው ላይ ቬሮኒካ የጌታን ፊት የጠረገችበት ነጠላ ጥለት አለው። ጥለቱ በመሮ ጫፍ፣ ነጥብ በነጥብ የተሠራ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ሳታይ ጣቴን እሄድበት ነበር። የብዙ ልጅ ጣት ስለሄደበት መሰለኝ፣ እዚያ ጋ እንጨቱ ለስልሶ ያበራ ነበር።

እናቴ የመሠዊያውን ጨርቆች የምታጥበው እሷ ነበረች። ጽዋው የሚያርፍበትን ትንሹን ነጭ ጨርቅ ስታጥብ የመጀመሪያውን ውሃ ቱቦ ውስጥ አትደፋውም። ጓሮ ወስዳ፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ፣ አፈር ላይ ታፈሰዋለች። የቁርባኑ ፍርፋሪ ነክቶት ይሆናል ብላ። በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ያደገ ሰው ያንን ባነር ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ከጸሎቱ በኋላ ቤተክርስቲያኑን የሚጠብቁትን አዛውንት ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ሰሌዳዎቹ የት ገቡ?»

«ምስጥ ጀምሯቸው ነበር፣ ልጄ። ደግሞ ወጣቶቹ ቤቱ ይዘምን አሉ። ምን ላድርግ? ዕቃ ቤት አስገባኋቸው።»

«ማየት እችላለሁ?»

«ምን ያደርግልሻል? አቧራ ነው እኮ» አሉ። ግን ቁልፉን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር።

ሲሚንቶ ጆንያ ጀርባ አገኘናቸው። ግማሾቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል፣ ግማሾቹ ላይ የቀለም ጣሳ ተቀምጦባቸዋል።

እዚህ ላይ የሆላንዱን ልናገር፣ ምክንያቱም ንዴቴ የሁለት አገር ንዴት ነው። እዚያ የምሳለምባት ቤተክርስቲያን ከሁለት ዓመት በፊት ተዘግታለች። ሰው የለም። የአገሪቱ የካቶሊክ መሪዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ ከ1,600 ገደማ ቤተክርስቲያናት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በአሥር ዓመት ውስጥ ይዘጋሉ ብለው ነበር። በመጨረሻው ቅዳሴ ካህኑ ቅዱስ ቁርባኑን ከማደሪያው አወጡ። የማደሪያውን በር ሳይዘጉት ተውት። አጠገቡ ሌት ተቀን የምትበራው ቀይ መብራት ጠፋች። እኛም ተከትለን ወጣን። ካህኑ ተቀምጦ ኑዛዜ የሚሰማበት የእንጨት የኑዛዜ ቤት ለካፖርት ቁም ሣጥን ተሸጦ ያየሁትም እዚያው አገር ነው። ማስትሪኽት ከተማ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የዶሚኒካን መነኮሳት ቤተክርስቲያን ዛሬ መጻሕፍት መደብር ነው። ድሮ መሠዊያ በነበረበት በኩል ቡና ይጠጣል። ለነገሩ እሱ ቅዳሴ ካቆመ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን እዚያ ቡና መጠጣት አልሆነልኝም።

ይሁንና አንድ ነገር አልክድም። የኛዋ ስትዘጋ ሁለት አሮጊቶች መጥተው እያንዳንዱን ዕቃ መዘገቡ። የቅዱስ ዮሴፍን ሐውልት በሜትር ለኩ፣ ከአራት ወገን ፎቶ አነሡ፣ «የግራ እጅ ትንሿ ጣት ተሰብራለች» ብለው ጻፉ። ማን ሠራው፣ ማን ሰጠው፣ መቼ መጣ፣ ሁሉም ተጠየቀ። ዩትሬክት ያለው ካታራይነኮንፈንት ሙዚየም ለዚህ ሥራ መመሪያ አዘጋጅቷል። የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛው ለሌላ ቁምስና ይሰጥ፣ የትኛው ይሸጥ የሚለው ተመክሮበት ነው። ያኔ ሬሳ ፊት ንብረት የሚቆጥሩ መስሎኝ ተቀይሜያቸው ነበር። ጅማ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የቀለም ጣሳውን ከስምንተኛው ሰሌዳ ላይ ሳነሣ ግን እነዚያ ሁለት አሮጊቶች ናቸው ትዝ ያሉኝ።

እኛ ጅማ ግን አልተዘጋንም። አርብ ከሰዓት ቤቱ ሙሉ ነበር፣ ደጅ የቆመም ነበር። ታዲያ የሰው ድካም የሚጣለው ለምንድነው? ምስጥ ከሆነ ጅማ ውስጥ እንጨት የሚያክም ጠፋ? በየመንገዱ ዳር አናጺ ባለበት ከተማ? የቤተክርስቲያን ሕግም እኮ ዝም አላለም። ቀኖና 1189 በእድሜው፣ በጥበቡ ወይም በምእመኑ ክብር የላቀ ምስል ለጥገና እንኳ ያለ ጳጳስ የጽሑፍ ፈቃድ እንደማይነካ ይናገራል። ቀኖና 1283 ደግሞ ንብረት በዝርዝር እንዲመዘገብ ያዛል። የኛዎቹ ሰሌዳዎች በየትኛው መዝገብ ላይ ናቸው? ጠየቅሁ። የትም የሉም።

ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ አባ ማስያስ ከፋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። የጅማ-ቦንጋ የካቶሊክ አስተዳደር ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1994፣ የመጀመሪያው መሪውም በኋላ ካርዲናል የሆኑት ብርሃነየሱስ ሱራፌል ነበሩ። ይህን ያህል ዘመን ተሻግረን በእጃችን ሠርተን ያቆየነው ምን ያህል ነው? ሐውልቱ ከአውሮፓ መጣ፣ ጽዋው ከአውሮፓ መጣ። ዋንዛው የኛ ነበር።

ጋሼና እኔ አንድ በአንድ አውጥተን ደጅ ጸሐይ ላይ ደረደርናቸው። በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፣ ቁጥራቸውን ደብተር ላይ ጻፍኩ። የጲላጦስ በርጩማ አንድ እግሩን ምስጥ በልቶታል፤ ሁለቱ ደህና ናቸው። የቬሮኒካ ጥለት እንዳለ ነው። ፎቶዎቹንና ደብተሩን ለቆሞሱ ሰጥቻለሁ። እሳቸውም አናጺ እናስጠራለን ብለውኛል።

የቆጠርነው ግን 13 ነው። አምስተኛው የለም። ጋሼ ሁለት ጊዜ ገብተው ፈለጉ። ስምዖን ነው፣ ትከሻው ላይ የታጠፈ ጨርቅ ያለው፣ ከታች በግራ በኩል በመሮ የተጻፈች «5» አለችው። ጅማ ያላችሁ፣ አንድ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ወይም አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ካያችሁት፣ እባካችሁ ለቁምስናው ቢሮ መልሱት። ማንም ለምን ወሰድክ አይላችሁም።