የአደራ ልጅ ያለበትን ቤት ማን ይጎብኝ?

ክርክሩ ይህ ነው፦ በጎጃም ከተሞች ከእድር፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ በጎ ፈቃደኞች ይመረጡ። በሰው ቤት በአደራ የሚያድጉ ልጆችን ጉዳይ በየጊዜው እያዩ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለፍርድ ቤት አስተያየት ይስጡ። አንድ የፍኖተ ሰላም ጡረተኛ መምህር ይደግፋሉ። በሰው ቤት ያደገች አንዲት የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ትቃወማለች።

መምህሩ፦

አንድ ልጅ በአደራ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ «እንዴት ነው?» የሚል ማን ነው? በወረቀት ጽሕፈት ቤቱ ነው። በተግባር ግን ወረዳው ሰፊ፣ ባለሙያው ጥቂት፣ መኪናም የለ። ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ልጁ ግን ያድጋል።

ሳስተምር ያየሁት ነው። «አክስቷ ጋ ሆና ትማራለች» የተባለች ልጅ ጠዋት እንጀራ ጋግራ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ትደርሳለች። ጥር ሲገባ ጭራሽ ትጠፋለች። ጥር የሠርግ ወር ነዋ! ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ዕድሜዋን የሚቆጥርላት ግን የለም።

አሜሪካ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. የሲያትሉ ዳኛ ዴቪድ ሱካፕ ስለ ልጆቹ በቂ ሳያውቁ መወሰን ከበዳቸው። ተራ ሰዎች ሠልጥነው ስለ ልጁ በችሎት እንዲናገሩ አደረጉ። የ1980ው ሕግ ደግሞ የእያንዳንዱ ልጅ ጉዳይ ቢያንስ በየ6 ወሩ እንዲታይ አዘዘ። በአንዳንድ ግዛቶች ይህን የሚያዩት የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ልጁ ደኅና ነው? ለምን ወደ ቤተሰቡ አልተመለሰም? ወደፊትስ የት ይኖራል? ጥያቄው ይኸው ነው። እኛም የተቀበልነው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 25 ላይ የልጁ ጉዳይ በየጊዜው ይታይ ይላል።

እሷ፦

ጋሼ፣ አንቀጹን አልክድም። ግን እርስዎ ከክፍል ሆነው ነው ያዩት፤ እኔ እቤት ውስጥ ነበርኩ።

ያሳደገችኝ የእናቴ ጎረቤት ናት። «ልጅሽ ናት?» ሲሏት «ታዲያ የማን ልትሆን?» ትል ነበር። አንድ ቀን ከሆነ ድርጅት ቅጽ የያዙ ሰዎች መጡ። ሠፈሩ በር ላይ ቆሞ አየ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሜ «የእርዳታዋ ልጅ» ሆነ።

የእኛ በጎ ፈቃደኛ ከአሳዳጊው ጋር አንድ እድር ነው፣ አንድ ሰንበቴ ይጠጣል። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ልጅቷን ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ቢያደርጋት ማን ይጽፍበታል? ሽማግሌ ይገባና በ«ይቅር ለእግዜር» ያልቃል።

ደግሞስ እኛ ጋ ልጅ በፋይል ይሰጣል እንዴ? ሰው ይሞታል፤ ለቅሶው ሲያበቃ ዘመድ ልጆቹን ይከፋፈላል። ወረቀት ያለው ጥቂቱ ነው። ኮሚቴው የሚያየው ቀድሞም የታየውን ልጅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የቀረን የዘመድና የጎረቤት በር ነው። እሱንም በቅጽ እናስደንግጠው?

መምህሩ፦

የሽምግልናው ነገር አመመኝ። እኔም ያስታረቅሁት ቤት አለ። አሁን ሳስበው፣ ልጅቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እንግዲያው የፍኖተ ሰላምን ልጅ የቡሬ ሰው ይየው። ዘመድ የሆነ ይውጣ። ምስጢር ሊጠብቅ ይማል። ጓዳ አይግባ፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያነጋግር። ውሳኔው የዳኛ ነው። ግን «ሰው ያማል» ተብሎ ልጅ ብቻዋን አትተውም። አንቺ እኮ ደግ አሳዳጊ ነበረችሽ፤ ያቺ እንጀራ ጋጋሪዋስ?

እሷ፦

ደግ አሳዳጊ ማግኘት ዕድል ነው። እሱን ተቀብያለሁ። የቡሬውም ሰው ይሻላል።

ግን የመኪናውን ማን ይከፍላል? ሁለቴ ይመጣል፤ ሦስተኛው ላይ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ባይጀመር እመርጣለሁ። ያቺን ቅጽ የያዘች ሴትዮ «እመለሳለሁ» ብላኝ ነበር። ስም ብታወጣብኝም፣ ዓመት ሙሉ በሩን እያየሁ ጠብቄያታለሁ።