እርማት፦ ወተት ሲፈላ ካልሲየሙ አይጠፋም

ወንድሜ "ወተት ሲፈላ ካልሲየሙ ይጠፋል፣ ዕቃው በወይራ ከታጠነ ጥሬውን ጠጡት" ያልከው ልክ አይደለም። ካልሲየም ማዕድን ነው፣ እሳት አያጠፋውም፣ ፕሮቲኑም እዛው ነው። የሚቀንሰው ቫይታሚን ሲና አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖች ናቸው፣ ቫይታሚን ሲ ከፈለክ ደሞ ብርቱካን ብላ።

ወይራው እሺ፣ ሽታውን እኔም እወደዋለሁ፣ ጭሱ የዕቃውን ጀርም ሊቀንስ ይችላል ግን ችግሩ ከላሟ ከሆነስ? ብሩሴሎሲስ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ትኩሳት የሚያመጣ በሽታ) እና የከብት ቲቢ እኮ ጤነኛ ከምትመስል ላም ሁሉ በወተቷ ሊመጡ ይችላሉ፣ ማጠን እዛ አይደርስም። እርጎ ማድረጉም አያስተማምንም፣ መኮምጠጡ ብቻውን ሁሉንም አይገድልም።

እኛ ፒያሳ አካባቢ ያለን ሰዎች ጥሬ ወተት የምናገኘው ወይ ሰፈር ውስጥ ላም ካላቸው ሰዎች በኮንትራት ነው ወይ ከሱሉልታና ከሰበታ በጀሪካን ከሚመጣው፣ የጀሪካኑ ደሞ የብዙ ላም ድብልቅ ስለሆነ አንዷ ከታመመች ለሁሉም ትተርፋለች፣ ውሃ የሚጨምሩበትም አሉ (እሱ ሌላ ጣጣ ነው)።

አትግዙ አላልኩም። እኔም የማውቃቸው ሰዎች ጋ እገዛለሁ፣ ጣዕሙ ከላስቲኩ ወተት ጋር አይወዳደርም። ግን አፍላው። ፋብሪካ ጀርሙን ለመግደል ወተቱን የሚያሞቀው በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ነው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ እሱም ከበቂ በላይ ነው። እያማሰልክ ገንፈል እስኪል ጠብቅ፣ በተለይ ለህፃንና ለነፍሰ ጡር ጥሬውን እንዳትሰጥ። ስልባቦቱን ደሞ እንዳትጥለው፣ ቅባትና ፕሮቲን ነው።