ሦስቱ ሲነሱ ለተኛው ምሰሶ

ለክቡር የኋላ ግራ ምሰሶ
ባሉበት (መነሳቱን እንቢ ስላሉ)

ጉዳዩ፦ እንዲነሱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ጁላይ ታጣፊዋን ተጎታች ቤታችንን ይዘን ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ ማይል 51፣ ቢግ ሜዶውስ የተባለው የካምፕ ሰፈር የደረስነው ሊመሽ ሲል ነበር። መንገዱ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ አያስነዳም፤ ልጆቹ ደግሞ «ደረስን?» ማለት አይደክማቸውም። እርስዎን ጨምሮ ጣራዋን የሚያነሱትን አራት ምሰሶዎች የሚያስነሳውን ማኖቬላ ይዤ ማዞር ጀመርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሦስቱ ባልደረቦችዎ ቀጥ ብለው ቆሙ። እርስዎ ወገብዎን እንደያዘው ሰው ግማሽ ላይ ቀሩ። ጣራው እንደ ሰካራም ባርኔጣ ወደ አንድ ጎን ጋደል አለ።

ምናልባት «ድስት በሦስት ጉልቻ ይቆም የለ?» ብለው ይሆናል። ይቆማል። ድስት ግን ዙሪያውን ሸራ አልተሰፋበትም፤ ዚፕም የለው። ደግሞ የእኛን ሦስት ጉልቻ ለማናጋት ምን ቀረዎት? ባለቤቴ «በዚህ ብር እኮ ሆቴል...» ብላ ያልጨረሰችው ነገር ዛሬም ቤታችን ውስጥ ይዞራል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። የጣራው መቆለፊያ አንዱ እንኳ ሳይከፈት ከተዞረ ጉዳት እንደሚያመጣ ስለማውቅ ዞሬ አየሁ። ሁሉም ተከፍተዋል። ጣራው ላይም የተጫነ ነገር የለም። ጥፋተኛው እርስዎ ሆኑ።

በዚህ መሃል አብሮን የመጣው የባለቤቴ ዘመድ (በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም) «ቅባት ነው የጠማው!» አለና የሞተር ዘይት ዊንቹ (ማኖቬላው የሚያዞረው የካቦ መጠቅለያ) ላይ ገለበጠ። የጠማዎት እርስዎ፣ የጠጣው ዊንቹ! ዊንቹ ውስጥ ደግሞ ጣራውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ዲስክ አለ፤ ዘይት ከነካው መያዝ ይተዋል። ማኖቬላው ብቻውን ወደ ኋላ ሲሽከረከር እጄ ለጥቂት ተረፈ። ሦስቱ ትጉሃንም ቁልቁል ወርደው ከእርስዎ ጋር ተስተካከሉ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ እኩልነት ሰፈነ። እኛም ድብ በሚዞርበት ጫካ አምስት ሆነን መኪና ውስጥ ተኮራምተን አደርን።

ሲነጋ ባትሪ ይዤ ከሥር ገባሁ። ከዊንቹ የሚነሳው ዋናው ካቦ ወለሉ ሥር ካለ ብረት ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ አራት ካቦዎች በየፑሊያቸው (ካቦው በጎድጓዳው የሚያልፍበት ትንሽ መንኮራኩር) ወደ አራቱ ምሰሶዎች ይሄዳሉ። የእርስዎ ፑሊ ዝጎ ደርቋል፤ ካቦውም ከጎድጓዳው ወጥቶ ጎን ላይ ተቀርቅሯል። ሰነፍ ስልዎት ለካ ታስረው ኖሯል!

ታዲያ የታሰረ ሰው አይጮህም? እርግጥ አምና ሴፕቴምበር ላይ ሲጢጥ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። ይህን ለባለቤቴ እንዳይነግሩብኝ።

አሁን አዲስ ፑሊና አዲስ ካቦ ተገጥሞልዎታል፤ ሲሊኮንም ተረጭቶልዎታል። ሆኖም ስለማላምንዎት ጣራው ከተነሳ በኋላ በየማዕዘኑ የሚቆሙ አራት ድጋፍ እንጨቶች በልክ ቆርጫለሁ። ቅር እንዳይልዎት።

ከሰላምታ ጋር፣
ወገቡ የተቀነጠሰ ባለንብረት

ግልባጭ፦
ለሦስቱ ምሰሶዎች፦ እንዳይማሩበት
ለዊንቹ፦ አዲስ የፍሬን ዲስክ እስኪመጣ የሕመም ፈቃድ ላይ
ለዘመዳችን፦ ከነዘይቱ ቤቱ እንዲቆይ
ለባለቤቴ፦ አይላክ