ስለ ደራሲው ሰማን፤ አሁን መጽሐፉን ግለጡልን

ዘመን ተሻጋሪ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችንና ደራሲዎቻቸውን በድምፅ ውይይት ማስተዋወቅ ዛሬ በየቋንቋው ተለምዷል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ማይክራፎን ፊት ተቀምጠው አንድ ደራሲ ይመርጣሉ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጨዋወታሉ፤ አድማጩም መንገድ እየሄደ ወይም ጋደም ብሎ ያዳምጣቸዋል። ይህን ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ። ወፍራም ልብ ወለድ ገልጦ የማያውቅን ሰው ከቶልስቶይ ጋር የሚያስተዋውቅ ጥረት ሁሉ ክብር ይገባዋል። ሆኖም ብዙዎቹን ውይይቶች አዳምጬ ስጨርስ አንድ ቅሬታ ይቀረኛል። ስለ ደራሲው ኑሮ ብዙ እሰማለሁ፤ ስለ ጻፈው ነገር ግን እምብዛም አልሰማም።

ፍራንዝ ካፍካን እንውሰድ። ስለ እርሱ በሚደረጉ ውይይቶች ተመላልሰው የሚነሱት ጉዳዮች የታወቁ ናቸው። ከአባቱ ጋር የነበረው ቅራኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ጽፎለት ከአባቱ እጅ ሳይደርስ የቀረው ረጅም ደብዳቤ፣ በኢንሹራንስ ተቋም ያሳለፈው የሥራ ዘመን፣ በ1924 በሳንባ ነቀርሳ ያለ ዕድሜው መቀጨቱ፣ በመጨረሻም «ጽሑፎቼን አቃጥልልኝ» ብሎ አደራ የጣለበት ወዳጁ ማክስ ብሮድ አደራውን አፍርሶ ሥራዎቹን ማሳተሙ ይተረካል። ሁሉም እውነት ነው፤ ያሳዝናልም። አድማጩ ግን ውይይቱ ሲያበቃ ካፍካ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሚጽፍ አያውቅም። አዝኖለት ይለያል እንጂ ከጽሑፉ ጋር አልተገናኘም።

እስቲ በ1915 የታተመውን «ሜታሞርፎሲስ» እንግለጠው። ግሬጎር ሳምሳ የሚባል ተዘዋዋሪ ሻጭ አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ ወደ ግዙፍ ተባይ ተለውጦ ራሱን ያገኘዋል። ጀርባው እንደ ጥሩር ጠጥሯል፤ ቀጫጭን እግሮቹ ዓይኑ ሥር ይርገበገባሉ። እንዲህ የደረሰበት ሰው ይጮኻል ብለን እንጠብቃለን። ግሬጎር ግን ጥቂት ከተደነቀ በኋላ ስለ ሥራው ማማረር ይጀምራል። ማልዶ መነሳቱ፣ ባቡር መቀያየሩ፣ ሰዓቱን ያልጠበቀ ምግቡ አንገፍግፎታል። ቀጥሎ ሰዓቱን ያያል። ደወሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲቀሰቅሰው ተሞልቶ ነበር፤ አሁን ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አልፏል። የሚቀጥለው ባቡር 1 ሰዓት ላይ ይነሳል። ተባይ የሆነው ሰው የሚጨነቀው ባቡሩ እንዳያመልጠው ነው።

ይህን ገጽ ውይይት ላይ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይወድ በግዱ አንድ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። በምን ዓይነት ድምፅ ያንብበው? በሐዘን? በድንጋጤ? ወይስ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ዘግይቶ እንደተነሳ ማንኛውም ሠራተኛ? በዓይኑ የሚያነብ ሰው ጥያቄውን ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል፤ ድምፁን አውጥቶ የሚያነብ ግን አይችልም። ብሮድ እንደመሰከረው ካፍካ «የፍርድ ሂደት» በሚል የምናውቀውን ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለወዳጆቹ ሲያነብላቸው ሁሉም ይስቁ ነበር፤ ደራሲው ራሱ ከሳቁ ብዛት ማንበቡን እስኪያቋርጥ ድረስ። በአባቱ ጥላ ሥር የተጎሳቆለውን ካፍካ ብቻ የሚያውቅ አድማጭ ይህን ሳቅ ከየት ያምጣው? ሳቁ ያለው ገጹ ውስጥ ነው፤ የሚወጣውም ሲነበብ ነው። ለዚህ ደግሞ ከድምፅ ውይይት የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አዘጋጆቹ ወደ ሕይወት ታሪክ የሚያዘነብሉበት ምክንያት ይገባኛል። የሰው ሕይወት መነሻና መድረሻ አለው፤ ፍቅር፣ እስራት፣ ስደት፣ ሞት አለበት፤ ለመተረክ ይመቻል። መጽሐፉ ግን ዝግጅት ይጠይቃል። በተጨማሪም አወያዩ «አድማጩ መጽሐፉን አላነበበውም» የሚል ሥጋት አለበት። ሥጋቱ መሠረት ቢኖረውም መፍትሔው የተሳሳተ ነው። ያላነበበን ሰው አንድ ገጽ አንብቦ ማሰማት እንጂ ከመጽሐፉ ማሸሽ ምን ይጠቅመዋል?

የደራሲው ሕይወት አይነሳ ማለቴ ግን አይደለም። ወደ ገጹ የሚመልሰን ከሆነ ይነሳ። ዶስቶየቭስኪ በ1865 ስቴሎቭስኪ ከተባለ አሳታሚ ጋር በገባው ውል መሠረት እስከ 1866 ኅዳር ወር መግቢያ ድረስ አዲስ ልብ ወለድ ማስረከብ ነበረበት። ካላስረከበ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመታት ሥራዎቹን ያለ ክፍያ የማተም መብት ያገኛል። ጊዜው ሲጣበብበት አና ስኒትኪና የተባለች የ20 ዓመት ወጣት የፈጣን ጽሕፈት ባለሙያ ቀጥሮ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀናት ውስጥ በቃሉ አስጻፋት። በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ። ብዙ ውይይት ትዳሩ ላይ ሲደርስ ይረካና ያበቃል። ለእኔ ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ መጽሐፍ ከአፍ የወጣ ነው። ተራኪው አሌክሲ ኢቫኖቪች ሲያወራ የሚሰማው ጥድፊያ፣ ሐሳቡን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ ላይ መዝለሉ፣ ራሱን ሲከስና ሲከላከል መዋሉ የቁማርተኛ ባሕርይ ነው ወይስ ክፍል ውስጥ እየተንጎራደደ ለጸሐፊ የሚናገር፣ ቀኑ እያለቀበት ያለ ሰው ትንፋሽ? ሁለት አንባቢዎች በዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢከራከሩ የውሉም፣ የአናም፣ የቁማሩም ታሪክ በየቦታው ይገባል፤ አድማጩም መጽሐፉን ፈልጎ ለማንበብ ይነሳሳል።

ክርክር ያልሁት ሆነ ብዬ ነው። ሁሉም በሁሉም ነገር የሚስማሙበት ውይይት አንድ ሰው ብቻውን ቢናገር ያው ነው። ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ከ1998 ጀምሮ ያስተላለፈውና በሜልቪን ብራግ አወያይነት የታወቀው ዝግጅት በእያንዳንዱ ርዕስ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ምሁራን ያቀርባል፤ ከእነዚያ ውይይቶች ጆሮዬ ላይ የሚቀሩት አንዱ ምሁር ሌላውን በጨዋ ደንብ «አይደለም፣ እንዲያ አላነበብሁትም» የሚልባቸው ቅጽበቶች ናቸው። ከዚያም በፊት፣ በ1943 በዩና ማርሰን የተጀመረውና እስከ 1958 የቆየው የካሪቢያን ድምፆች የተባለው የቢቢሲ ፕሮግራም ከደሴቶቹ የተላኩ ግጥሞችንና አጫጭር ልብ ወለዶችን እያስነበበ ይተችም ነበር። ዴሬክ ዋልኮትና ጆርጅ ላሚንግ በወጣትነታቸው የተሰሙበት ነው፤ ናይፖል አርታኢ ሆኖ ሠርቶበታል። ማሰማት ብቻ አልነበረም፤ መመዘንም ነበረበት። የዚያ ሁሉ ጸሐፊ መፍለቅ በሬዲዮ ብቻ የመጣ ባይሆንም ሥራቸው በአደባባይ መነበቡና መሄሱ ብርታት እንደሆናቸው አልጠራጠርም።

በእኛም ቋንቋ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ምን ያህል አድማጭ እንደማረከ የማያውቅ የለም። ያ ትረካ የሚያሳየው ድምፅ ለታላቅ ድርሰት ምን ያህል እንደሚስማማው ነው። ውይይት ደግሞ ትረካው የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ ቆም ብሎ መጠየቅ። ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዓቱ ሲናገር ደራሲው በእርሱ አንደበት እየተናገረ ነው ወይስ ገጸ ባሕርዩን ራሱንም እየታዘበው ነው? ተራኪው ይህን ለመጠየቅ ንባቡን ማቋረጥ አይችልም፤ ተወያይ ግን ሥራው ይኸው ነው።

ፕላቶን «ፋይድሮስ» በተባለው ሥራው ሶቅራጥስን ሲያናግረው፣ የተጻፈ ቃል እንደ ሥዕል ነው፣ ብትጠይቀው ያንኑ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል እንጂ አይመልስልህም ብሎ ጽሑፍን ያስወቅሰዋል። ወቀሳውን ራሱን ያገኘነው ፕላቶን በውይይት መልክ ስለጻፈው ነው። ጥሩ የድምፅ ዝግጅት ለሶቅራጥስ የተሰጠ መልስ ይመስለኛል። ጽሑፉ ዝም ቢልም አንዱ አንባቢ ሲጠይቅ ሌላው ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ይመልሳል።

ደራሲዎቹ ራሳቸው ማይክራፎን ፊት ሲቀርቡ ምን እንዳደረጉም ልብ በሉ። ተርፎ የቆየልን ብቸኛው የቨርጂንያ ዉልፍ ድምፅ በ1937 በቢቢሲ የተቀዳ ነው። የምትናገረው ስለ ልጅነቷ ወይም ስለ ሕመሟ ሳይሆን ስለ ቃላት ነው፤ ቃላት በሰው አፍ ተለዋውሰው፣ እርስ በርስ ተዛምደው እንደሚኖሩ ነው። አርጀንቲናዊው ደራሲ ቦርኸስም እንዲሁ ነበር። በሃምሳዎቹ ዕድሜው የዓይኑን ብርሃን አጥቶ የኖረው ይህ ሰው ከ1984 ጀምሮ በቦነስ አይረስ ሬዲዮ ከገጣሚው ኦስቫልዶ ፌራሪ ጋር ተከታታይ ውይይት አድርጓል። ዕድሜው ሰማንያን ተሻግሮ፣ ስሙ በዓለም ገኖ ሳለ ስለ ራሱ ብቻ ቢያወራ ማንም ባልተቀየመው። እርሱ ግን ደጋግሞ ወደ ዳንቴ፣ ወደ ኮንራድ፣ ወደ ካፍካ ይመለስ ነበር። ማንበብ የማይችለውን በቃሉ ይዞታልና መጽሐፉ ሁልጊዜ አብሮት ነበር።

በቅርቡ ደግሞ ሰነድ ሲሰጣቸው በሁለት ሰው ሠራሽ ድምፆች የሚካሄድ ውይይት በደቂቃዎች ውስጥ የሚያዘጋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መጥተዋል። ሐሳብን አሳጥሮ ለማስጨበጥ ይረዱ ይሆናል። ታላላቅ ልብ ወለዶችን ለእነርሱ አሳልፎ መስጠትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ባዳመጥኋቸው እንዲህ ያሉ ውይይቶች ሁለቱም ድምፆች እየተደናነቁ ይስማማሉ። አንዳቸውም ያን መጽሐፍ በሃያ ዓመታቸው ጠልተው በአርባ ዓመታቸው አልወደዱትም፤ አንዳቸውም በአንድ ገጸ ባሕርይ ተናደው ሌሊቱን አላነጉም። አድማጭ ከአንባቢ አፍ መስማት የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ የታሪኩን ማጠቃለያማ በየትም ያገኘዋል።

አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ላቅርብ። ትልቁን ልብ ወለድ በአንድ ሰዓት ለመጨረስ የሚደረገው ሩጫ ይቅር። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ በአንድ ጊዜ አልወጡም። የጆርጅ ኤሊዮት «ሚድልማርች» በ1871 እና 1872 በስምንት ክፍል ተከፍሎ ነው የታተመው፤ «አና ካሬኒና» ከ1875 እስከ 1877 «የሩሲያ መልእክተኛ» በተባለ መጽሔት በተከታታይ ወጥቷል። ከአርታኢው ካትኮቭ ጋር ባለመስማማታቸው ቶልስቶይ ስምንተኛውን ክፍል ለብቻው እስኪያሳትም ድረስ የመጽሔቱ አንባቢዎች መጨረሻውን በሙሉ አላገኙትም ነበር። ዛሬም አንድ ክፍል እየተነበበ አንድ ውይይት ቢደረግ፣ ተወያዮቹም ካነበቡት ክፍል አልፈው ላለመሄድ ቢስማሙ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያለችው አና ገና የወንድሟን ትዳር ለማስታረቅ ከፒተርስበርግ ወደ ሞስኮ የመጣች፣ ልጆች የሚወዷት፣ ሁሉም ምክሯን የሚሰማት ሴት ናት። ዕጣዋን አስቀድሞ ያልሰማ አድማጭ ባቡር ጣቢያው ላይ ስትደርስ ያገኛት ዘንድ ጊዜ እንስጠው፤ እርሷም እዚያ የምታገኘው መኮንን ቭሮንስኪም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ሆኖ ይከራከርበት።