ማትሪክ ስንት አመጣህ?

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ያለው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ስለ ሟች ደግነት ጥቂት ተናገረ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ አማረረ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና «ለመሆኑ አንተ ማትሪክ ስንት ነበር ያመጣኸው?» አለኝ። ሥራዬን አልጠየቀኝም። ከሟች ጋር በምን እንደምንተዋወቅ እንኳ ማወቅ አልፈለገም። ደግነቱ መልሴንም አልጠበቀም፤ «እኔ 3.6 ነበረኝ» ብሎ ወገቡን ቀና አደረገ።

ይህ ሰው ጡረታው ደርሷል። ማትሪክ ከተፈተነ በኋላ ትዳር ይዟል፣ ልጆች አሳድጎ ድሯል፣ በመሥሪያ ቤቱም አንቱ ተብሏል። ይህ ሁሉ ግን ከ3.6 በታች ነው መሰለኝ አላነሣውም።

ለማያውቁ ወጣቶች፦ ማትሪክ ማለት የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው፤ ጣሪያው 4 ነጥብ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲሱ ሥርዓት ተተክቶ ቀረ። የሚያርመው ኮምፒውተር ነው ይባል ነበር። ውጤት የመጣ ዕለት፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኑ ዓይቶ የማያውቅ ተማሪ ሁሉ «ኮምፒውተሩ ነው ያበላሸኝ» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወላጆችም ኮምፒውተሩን ይራገማሉ። በዚህ አገር ሥራውን ሳይጀምር ስሙ የጠፋ ባለሙያ ቢኖር እሱ ነው።

ባለ 3.6ቱ ወሬውን ሳይጨርስ ከወዲያኛው አግዳሚ ወንበር ሌላው ተቀበለው። እሱ የእድገት በኅብረት ዘማች ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ከ11ኛ ክፍል ተነሥቶ ገጠር የወረደ። «እናንተማ ፖለቲካ ስትሸመድዱ ነው ያደጋችሁት፤ ትምህርትስ በእኛ ቀረ» አለ። ይህን የሰሙ በዕድሜ ጠና ያሉ ጋሼ ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እሳቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው በ1955 ዓ.ም. የመጡት የሰላም ጓድ አሜሪካውያን መሆናቸውን አስታወቁ። ለማስረጃ ያህልም አንዲት ዓረፍተ ነገር በአፍንጫቸው ተናገሩ። ከእሳቸው የሚበልጡት አዛውንት «በእኛ ጊዜ 8ኛ ክፍል ያለፈ አስተማሪ ይሆን ነበር» አሉ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ ቀና ብለው «ለመሆኑ ከእናንተ መካከል ዳዊት የደገመ አለ?» ሲሉ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ወረድ ብለን ከሄድን እስከ ኖኅ መርከብ ማን ይከለክለን ነበር?

ከአማርኛ ምሳሌዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ይዘህ ከአገር ውጣ ብባል የምይዘውን አውቃለሁ፦ «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።» የተናገረው ሰው ነፍሱን ይማረው። እኛ ግን ላለፈው ክረምት ቤት መሥራት ብቻ ሳይሆን ሰርቪስ ጨምረን፣ አጥር አጥረን፣ ካርታ አውጥተንበታል። ዝናቡ ደግሞ ዛሬ ባለነው ላይ ይዘንባል።

መቼም ወርቃማው ዘመን ወርቃማው ዘመን ሲሉ ሰልችቶኛል፤ እስቲ ዓመቱን ይንገሩኝ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው? ያኔ መምህራኑ ራሳቸው ሥራ አቁመው ነበር፤ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ አብዛኛውን የድሃ ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ሊያሰናብት ነው ብለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ነው? በቀይ ሽብር ዘመን ማትሪክ ሳይቀመጡ የቀሩት ልጆች እናቶች ይጠየቁ። ወይስ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ነው፣ ጎረምሳ ሁሉ አፈሳ እየፈራ በግድግዳ ጥግ ይሄድ በነበረበት ጊዜ? እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ናፍቆት መብት ነው፤ ግን የሚናፍቁት የትምህርቱን ጥራት ሳይሆን የራሳቸውን ጉልበት ነው፤ ያኔ ደረጃ ሲወጡ አያለከልኩም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው በተባለ ጊዜ እነዚህ ሰዎች የተደሰቱትን ያህል ብሔራዊ ቡድናችን ለዋንጫ ቢያልፍም የሚደሰቱ አይመስለኝም። በዓመቱ 3.2 ሲሆን ደግሞ ደስታው ሞልቶ ፈሰሰ። የአገር ልጅ ወደቀ ተብሎ እልል ይባላል? ለመሆኑ በእኛ ጊዜ ስንቱ አለፈና ነው? ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባ፣ አሥመራ እና በ1977 ዓ.ም. ከኮሌጅነት ያደገው ዓለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ያኔ ከክፍላችን አብዛኛው ልጅ 12ኛን ጨርሶ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ገና ባልተነጠፈበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እነዚያ ልጆች ለቅሶ ቤት ሲመጡ ማትሪክ ስንት አመጣህ ብለው ሰው አይጠይቁም። ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ይሸከማሉ።

«ሥርዓት ነበር» ይባላል ደግሞ። ነበር እንጂ! ሥርዓቱ በዩኒት ሊደራችን ኮት ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ የጎማ ቁራጭ ነበር። ያረፈደ ጠጠር ላይ ይንበረከካል፤ ፀጉሩን ያሳደገ በር ላይ በመቀስ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ መሥመር ይቆረጥለትና ቀሪውን ራሱ ያስጨርሳል። «እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚለውን አባባል ስሰማ ሁልጊዜ የሚናገረውን ሰው ደህና አድርጌ አየዋለሁ። ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

ጎማውንስ ይሁን፤ ጎማ ይረሳል። እኔ የማልረሳው ሞኒተሩን ነው። መምህር ሲወጣ ከደብተሩ መሐል ገጽ ይገነጥልና ከላይ በትልቁ «የሚያወሩ ተማሪዎች» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ያሠምርበታል፤ በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ፣ በማስመሪያ። ከዚያ ዓይኑን ያንከራትታል። ስምህ አንዴ ከገባ በኋላ ዝም ብትልም አይጠቅምህም፤ ብታስነጥስ አጠገቡ የኤክስ ምልክት ይጨመራል። እኔ ብዙውን ጊዜ የምጻፈው «ስሜን ለምን ጻፍከው?» ብዬ ስጠይቅ ነው። ግማሽ ዳቦ ያቀበለ ይፋቅለታል። ብስኩት ያቀበለማ ጭራሽ አይጻፍም። በአገራችን ስለ ብልሹ አሠራር ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ለምን ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንደሚጀምሩ አይገባኝም፤ 9ኛ ክፍል ገብተው ያችን ወረቀት ማየት ይበቃቸው ነበር። ልጁ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ሆኖም በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ የሚይዘውን ሰው ባየሁ ቁጥር እጁን አጮልቄ አያለሁ፤ ርዕሱን ሁለት ጊዜ ካሠመረበት አልናገርም።

ይኸው ሞኒተር በፈተና ሰዓት ደግሞ ወረቀቱን በክንዱ አጥሮ፣ በደረቱ ሸፍኖ፣ ሊውጠው ምንም ሳይቀረው ነው የሚጽፈው። አጤሬራ ያዡን ይጠቁማል፣ እሱ ግን ከፊት ካለችው ልጅ ይኮርጃል። አንገቱ ሲረዝም በዓይኔ አይቻለሁ። ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ፤ ካርዱንም በመስኮት እያሳየን ሄደ።

ሞኒተሩ ከነገሬ አወጣኝ። ምን እያልኩ ነበር? ማትሪክ። ባለ 3.6ቱ ሰውዬ ንፍሮ ሲቀርብ ጥያቄውን ደገመልኝ። «አልፌያለሁ» አልኩት። «ስንት?» አለ። በዚህ ዕድሜ፣ በሰው ለቅሶ ላይ፣ አፉን ሽንብራ ሞልቶት፣ ከነጥብ በኋላ ያለችውን ቁጥር ይጠይቃል! አልነገርኩትም፤ እዚህም አልናገርም። መናገር ከጀመርኩ የእንግሊዝኛውን ለብቻ፣ የሒሳቡን ለብቻ ሊለኝ ነው።

ከዚያ ዘመን የምናፍቀው ነገር የለም አልልም። ኦቶግራፍ ይናፍቀኛል። 12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይገዛል፤ ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ ይሰጣል፤ ጉርድ ፎቶግራፍ በሙጫ ይለጠፋል። ከዚያ ጥያቄ ነው። የምትወደው ቀለም? ሰማያዊ። የምትወደው ምግብ? ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ፤ አንድ ልጅ ብቻ በድፍረት «ሽሮ» ብሎ ጽፎ ዓመቱን ሙሉ ተሳቀበት። ፍቅር ምንድን ነው? እዚህ ላይ ገጹ ያልቃል፤ ወደ ጎን አዙሮ በጠርዙ ላይ የጻፈም አለ። የወደፊት ምኞት? ዶክተር ወይም ፓይለት። በዚያ ደብተር መሠረት ቢሆን ኖሮ የእኛ ክፍል ብቻውን አንድ ሆስፒታልና አንድ አየር መንገድ ያቋቁም ነበር፤ የሚታከምና የሚሳፈር ሰው ግን ከሌላ ክፍል መዋስ ሊኖርብን ነው።

እኔ ምን ብዬ እንደ ጻፍኩ አላስታውስም፤ ማየትም አልቻልኩም። ደብተሬን አንዲት የክፍላችን ልጅ «ፎቶዬን ለጥፌ ነገ አመጣዋለሁ» ብላ እንደ ወሰደችው ነው። በበኩሌ ዛሬም ቢሆን እቀበላታለሁ። ፎቶዋን ባትለጥፍም ግድ የለም።