ፋውል ነው!

«ፋውል!» ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አሥር ቁጥር ማልያ የለበሰው ልጅ እጁን እያወናጨፈ መጥቶ ፊቱ ተገተረ። «ኳሷን ነው የነካሁት!» ዳኛው ወይ ፍንክች። ቅጣት ምቱ ተመታ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ይህን ያየሁት ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለች ሜዳ ላይ ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ሜዳዋ ወደ አንድ ጎን ስላዘመመች ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃው ቡድን ዕድለኛ ነው። ዳኛውና ከተጫዋቾቹ ግማሾቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። የቀሩት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። አሥር ቁጥሩም ከእነሱ አንዱ ነው። እኔ እህቴ ቤት ያረፍኩ እንግዳ ነኝ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ስፖርት የተጠነሰሰውም እዚያው እኛ ካውንቲ ውስጥ ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እህት ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር እ.ኤ.አ. በ1962 የቤቷን ግቢ ከፍታ እንዲህ ላሉ ልጆች የበጋ ካምፕ አደረገችው። እህታቸው ሮዝመሪ ይኸው ውስንነት ነበረባት። በካምፑ ልጆቹን ያጫወቱት የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በ1968 ቺካጎ ላይ ስፔሻል ኦሊምፒክስ የሚባለው የእነዚሁ ልጆች የስፖርት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው በአንድ ቡድን የሚሰለፉበት ጨዋታ የመጣው ቆይቶ ነው።

አሜሪካ ያለው ያስቀናል፣ አልዋሽም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ከስፖርት ማግለል አይችሉም። እኛ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ቦቼ የሚባለውን የጣሊያኖች ኳስ ማንከባለል ያጫውታል። የጂምናዚየሙ ወለል ፊት ያሳያል። ማልያው አዲስ፣ አሰልጣኙ ደመወዝተኛ። አንዴ ልመለከት ሄጄ አንዲት ልጅ ወረወረች። ኳሷ ከዒላማው በብዙ ርቀት ሳተች። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ፣ «ጉድ ጃብ! ጉድ ጃብ!» ልጅቷ ዘወር ብላ አየችን። ምኑን ነው የምታጨበጭቡት የምትል ነው የመሰለኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ወደየመኪናው ገባ። 21 ዓመት ሲሞላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ያሰናብታል። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ሶፋ ላይ ታብሌት ይዞ ይውላል።

«እኛ ጋ እኮ ማኅበራዊ ኑሮ አለ» ልል ነበር። ግን የልጅነቴን ሰፈር አስታወስኩ። እንደ አሥር ቁጥሩ ያለ አንድ ልጅ ነበረን። ሁሌም ከእኛ ጋር ነው። ቦታው ግን ከጎሉ ኋላ ነበር፤ ኳስ አቀባይ። አንድም ቀን አስገብተነው አናውቅም። «ምስኪን» እንለው ነበር፣ ሲብስብን ደግሞ ሌላ ስም። «ዘገምተኛ» የሚለው ቃል ዛሬ ከወረቀት ላይ እየጠፋ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ግን እንዳለ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የዚህን ዓይነቱን ቃል እንተው ብለው ዘመቻ የጀመሩት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው።

አጠገቤ የአሥር ቁጥሩ እናት ቆመው ነበር።

«ቂርቆስ እያለን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀው ነበር» አሉኝ። «ዳቦ ቤት ይላላካል፣ ሱቅ ይቀመጣል። እዚህ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ቆልፌበት ነበር ሥራ የምሄደው።»

አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ በሩ ዝግ። ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም። ኮንዶሚኒየማችን እኔ ሳላውቅ አሜሪካ ሆኗል፣ ያውም ያለ ጂምናዚየሙ።

በእርግጥ በሩን ማንኳኳት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ከአሜሪካ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመችው ዘሚ የኑስ አለች፤ ነፍሷን ይማር። ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አንድ አይደሉም። ልጅን ጓዳ መደበቅ ግን ለሁለቱም ያው ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። አንቀጽ 30 ስለ ስፖርት በግልጽ ይናገራል። አንቀጹ የካ አባዶ አልደረሰም መሰለኝ፣ የሜዳዋን አንድ ጥግ የሆነ ሰው የአሸዋ ክምር በልቶታል።

እረፍት ላይ ዳኛውን ጠጋ አልኩት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው።

«ትንሽ ብትለቁላቸውስ?» አልኩት። ይሄው፣ እኔም «ጉድ ጃብ» ተጣብቶብኛል።

ሳቀ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰሞን እንለቅ ነበር። ሲያገቡ ቆመን እናያለን። የነቃብን እሱ ነው» ብሎ ወደ አሥር ቁጥሩ ጠቆመኝ። «‹አትልቀቁ!› ብሎ ማልያውን አውልቆ ወጣ። ሁለት ቅዳሜ አልመጣም። እናቱን ለምነን ነው የመለስነው።»

ስፔሻል ኦሊምፒክስ ይህንን በሕግ ነው የያዘው። ስፖርተኞቹን በዕድሜና በችሎታ እየመደበ ተቀራራቢዎቹን ያገናኛል፤ ፉክክሩ የምር ነው። እነዚህ ልጆች ግን ደንቡን ከአንድ የተቆጣ ተጫዋች ነው የተማሩት። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተማሪ ይመረቃል። ሰኔ ሲመጣ ዳኛው ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንዱ ተማሪ አሥር ቁጥሩን ጠልፎ ጣለው። ፊሽካ። አሥር ቁጥሩ አቧራውን አራገፈና ኳሷን አስተካክሎ አስቀመጠ። ግድግዳ የሠሩትን ተማሪዎች በእጁ ገፋ ገፋ አደረጋቸው። «ወደ ኋላ! ገና ነው፣ ወደ ኋላ!» ዳኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ እርምጃ ቆጠረ።

መታ። ኳሷ ከድንጋዮቹ በላይ አልፋ፣ የአሸዋ ክምሩን ዘላ፣ ቁልቁል ወደ ኮንዶሚኒየሙ ተንከባለለች። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ኳሷን!» ብሎ ጮኸብኝ አሥር ቁጥሩ።

ዳቦዬን ለእናቱ ሰጥቼ ቁልቁል ሮጥኩ።